ተልካ ነው የመጣችው

ሻንታን የሚያውቅ ሰው ሻንታ ሁለት እንደሆነች ያውቃል። አንደኛዋ ከሸኮ ከተማ ወጣ ብሎ በመኪና መንገዱ ዳር የተሠራችው አዲሷ ናት። ቤቶቿ በመስመር ተደርድረዋል፤ ጣሪያቸው አንድ ዓይነት ቀለም ተቀብቷል፤ በየደጃፉ የፀሐይ መብራት ቆሟል። ጤና ጣቢያ አላት፣ የቧንቧ ውሃ አላት፣ ኮምፒዩተር የገባለት አዳራሽ አላት። በመንግሥት ሰነድ ላይ «ስማርት መንደር» ተብላ ትጠራለች። ሁለተኛዋ ከእሷ ሽቅብ፣ ዳገቱን ወጥቶ ጫካው ውስጥ ያለችው አሮጌዋ ናት። ላይ ሰፈር ይሏታል። እዚያ ቤት የሚሠራው ቡናውን ተከትሎ ነው፤ ጎረቤት ከጎረቤት የሚተያየው በጭሱ ነው።

ራሔል ኃይለሚካኤል የታችኛዋን መንደር ልታስተዋውቅ ሄዳ የላይኛዋን መንደር ሰው ወደደች።

ራሔል ሚዛን ተፈሪ ተወልዳ ያደገች ናት። አባቷ መምህር ኃይለሚካኤል በወጣትነታቸው ከጎጃም ለማስተማር መጥተው በዚያው የቀሩ፣ የከተማውን ግማሽ ሕዝብ ፊደል ያስቆጠሩ አዛውንት ናቸው። እናቷ ወይዘሮ በየነች ከቤትና ከቤተ ክርስቲያን ውጭ እግራቸው ብዙም አይወጣም። ራሔል ራሷ በዞኑ የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ ናት። መድረክ ትመራለች፣ ለሬዲዮ ዜና ታቀብላለች፤ ድምፅዋን ሸኮም ሆነ ቴፒ ያለ ሰው ሲሰማው ይለየዋል።

ካሊድ አባፎጊ ደግሞ የላይ ሰፈር ልጅ ነው። አያቱ ከጅማ አካባቢ መጥተው፣ ከአገሬው ሕዝብ ከሸኮዎቹ ጋር ተጎራብተው፣ ተጋብዘውና ተዛዝነው እዚያው የቀሩ ናቸው። ካሊድ ጅማ ተምሮ ሲጨርስ ከተማ ይቀራል ሲባል ተመልሶ መጣ፤ የቡና አምራቾቹም የማኅበራቸው ሊቀ መንበር አደረጉት።

መጀመሪያ የተገናኙት ራሔል መቅረጫዋን ይዛ ልትጠይቀው በሄደችበት ቀን ነው። የላይ ሰፈር ሰዎች ወደ አዲሱ መንደር መቼ እንደሚወርዱ ጠየቀችው። ካሊድ ሽቅብ ወደ ጫካው አየና «ቡናው ሲወርድ» አላት። ቡና ተለቅሞ የሚወርድ መስሏት «እሱማ ዘንድሮም ይወርዳል» አለችው። «እግር አውጥቶ ሲወርድ ማለቴ ነው» አላት። ሳቋ አመለጣት። መቅረጫውን አጠፋችው፤ ከዚያ በኋላ ያወሩትን ማንም አልቀዳውም።

እንዲህ ተጀመረ። ካሊድ በማኅበሩ ጉዳይ ሚዛን ሲመጣ መናኸሪያው አጠገብ ካለች ሻይ ቤት ይቀመጣሉ። ሥራ ላይ ያሉ እንዲመስሉ ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ይዘረጋሉ፤ ወረቀቱን ግን ማንም አያየውም። እሱ ላይ ሰፈር ሲሆን ደግሞ የስልክ ኔትወርክ የሚገኘው ከሰፈሩ በላይ ካለ ትልቅ ቋጥኝ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ከሥራ በኋላ እዚያ ወጥቶ ይደውልላታል። ዝናብ ሲጥል ድምፁ ከዝናቡ ጋር ተቀላቅሎ ይመጣል። ራሔል ክረምቱን የወደደችው በዚያ ዓመት ነው።

ስለ ሃይማኖታቸው ብዙ አልተነጋገሩም። ሁለቱም የሚያውቁትን ነገር ምን ብለው ያንሡት? አንድ ቀን ብቻ እናቷ ወይዘሮ በየነች የሰሙትን ሰምተው «ሰው ያወራል፣ ልጄ» አሏት። አባቷ አጠገባቸው ተቀምጠው ጋዜጣ ያነቡ ነበር። ቀና አላሉም፤ ገጹንም አልገለጡትም። ከዚያ ቀን ወዲህ አባቷ ከእሷ ጋር የሚነጋገሩት ስለ አየሩና ስለ መብራት መጥፋት ብቻ ሆነ።

በዚያ ክረምት ካሊድ ለማንም ያልነገረውን ነገር ነገራት። እህቱ ላምያ ያለፈው ዓመት ምጥ ሲይዛት ሰፈርተኛው በቃሬዛ ተሸክሟት ወረደ። ዝናብ ነበር፤ ጭቃው እግር አያስረግጥም። ጤና ጣቢያው ሲደርሱ እሷ ተረፈች፤ ልጁ አልተረፈም። ካሊድ ከተሸካሚዎቹ አንዱ ነበር። ቤታቸው ውስጥ ከዚያ በኋላ ስለዚያ ቀን ትንፍሽ ያለ ሰው የለም። ቋጥኙ ላይ ሆኖ ይህን ሲነግራት ድምፁ ተቋረጠ። ራሔል መስመሩ የተቋረጠ መስሏት «ሃሎ» አለች። መስመሩ አልተቋረጠም ነበር።

*

ኅዳር ሲገባ አለቃዋ አቶ ብርሃነመስቀል ቢሮአቸው አስጠሯት።

አቶ ብርሃነመስቀል ክፉ ሰው አይደሉም። ጤና ጣቢያ በሌለው ገጠር የተወለዱ፣ ሁለት ወንድሞቻቸውን በልጅነታቸው የቀበሩ ሰው ናቸው፤ አዲሱን መንደር የሚያምኑበት ከልባቸው ነው። ግን ቤቶቹ ተሠርተው ካለቁ ቆይተዋል፤ ከግማሾቹ ጭስ አይወጣም። ከክልል እንግዶች ሊመርቁት ሊመጡ ነው። ባዶ ቤት ይመረቃል ወይ ብለው ጠየቋት፤ መልስ ግን አልጠበቁም። የላይ ሰፈር ሰው የሚሰማው ሊቀ መንበሩን ነው አሏት። ቀጥለውም መስኮቱን እያዩ «እሱ ደግሞ ያንቺን ቃል ይሰማል አሉ» አሉ።

ያቺ «አሉ» የምትለው ቃል ራሔልን አደረቀቻት። ማን እንዳለ፣ ምን ያህል እንዳለ መጠየቅ ፈለገች፤ አልጠየቀችም። እምቢ ማለትም ነበረባት፤ አላለችም። ወንበሯ ላይ ተመልሳ ስትቀመጥ ለራሷ የነገረችው ይህን ነበር፦ ባይልኩኝም እሄዳለሁ፤ ላምያን በዚያ ዳገት የሚያወርዳት ዳግመኛ ቃሬዛ መሆን የለበትም፤ የምናገረው የማምንበትን ነው። ሁሉም እውነት ነበር። ደስ ያላሰኛት እውነት መሆኑ ነው። ሰው ራሱን የሚያታልለው በውሸት ብቻ ቢሆን ኖሮ ቶሎ ይነቃ ነበር።

በማግስቱ ሄደች። ካሊድ ስትመጣ ሲያያት ፊቱ በራ፤ ያንን ብርሃን አይታ ዓይኗን ሰበረች። ጫካው ዳር ተቀምጠው ስለ ምረቃው አነሣችበት። እሱ የዘወትር መልሱን መለሰላት፦ ቡናው ሲቀላ ከዝንጀሮም ከሌባም የሚጠብቀው ሰው ያስፈልጋል፤ መንገድ ዳር የተኛ ሰው ጫካ ውስጥ ያለ ቡና አይጠብቅም። ራሔል አዳመጠችው። ከዚያ ረጋ ብላ ስለ ላምያ ነገረችው። ላምያ ዳግመኛ ነፍሰ ጡር እንደሆነች፣ ዝናቡ ዘንድሮም እንደማይቀር፣ ያ ዳገትም አሁንም እዚያው እንዳለ።

ካሊድ ቁልቁል ወደ ዳገቱ አየ። በመጨረሻ «ሽማግሌዎቹን አነጋግራለሁ» አላት። «ያንቺን ቃል ይዤ ነው የማነጋግራቸው።»

ስትወርድ ልቧ ደስም አለው፣ ከበደውም። የትኛው እንደሚበልጥ ሳትለይ ሚዛን ገባች።

*

ካሊድ ቃሉን ጠበቀ። ከሸኮዎቹ ሽማግሌ ከአቶ ሲላስ ጋር ተመካከረ፤ የገዛ አባቱን አባፎጊን ለመነ። በስተመጨረሻ የላይ ሰፈር ሰዎች ወርደው ለመነጋገር ተስማሙና በቀበሌው አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። ራሔል ከፊት ወንበር ላይ ነበረች። ካሊድ ከሽማግሌዎቹ ጋር ሲገባ ዓይኑ ፈልጎ አገኛት፤ ማንም በማያስተውለው ልክ ፈገግ አለላት።

አቶ ብርሃነመስቀል በዚያ ቀን ደስ ብሏቸው ነበር፤ ደስ ያለው ሰው ደግሞ አንደበቱን አይጠብቅም። ሽማግሌዎቹን አመሰገኑ፣ ሊቀ መንበሩን አመሰገኑ። ከዚያም እጃቸውን ወደ ራሔል ዘርግተው «እሷን መላካችን ከንቱ አልቀረም» አሉ። «ለወጣት ወጣት ይሻላል ብለን ነበር የላክናት።»

አንዳንዱ ሰው ሳቀ። ከኋላ አንዲት ሴት ለጎረቤቷ «ተልካ ነዋ የመጣችው» ስትል ተሰማ። አቶ ሲላስ ዱላቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ።

ራሔል ወደ ካሊድ ዞረች። እሱም እያያት ነበር። ፊቱ ላይ ቁጣ ብታይ ይሻላት ነበር። ያየችው ግን ሰው አንድ ነገር ወደ ኋላ ተመልሶ ሲቆጥር የሚያሳየውን ፊት ነው፤ የመጣችባቸውን ቀናት ሁሉ፣ ያለችውን ሁሉ፣ ሳቋን ጭምር እንደገና እያየ ነበር። ሲጨርስ ዓይኑን ከእሷ አነሣ። አዳራሹ ሰው ሞልቶት ሳለ ብቻዋን የቀረች መሰላት።

ከዚያ በኋላ ስልኳ ዝም አለ። ብዙ ጊዜ መልእክት ጽፋ አጠፋች። «አልተላክሁም» ብላ ጻፈች፤ ውሸት ነው። «ተልኬ ነበር» ብላ ጻፈች፤ እሱም ሙሉ እውነት አልሆነላትም። በመጨረሻ ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ጥላ ሸኮ የሚሄድ መኪና ውስጥ ገባች፤ ከታችኛው መንደር ጀምሮም ዳገቱን በእግሯ ወጣች።

ካሊድ ቡና የሚሰጣበት ከሽቦና ከእንጨት የተሠራ አልጋ ላይ ጎንበስ ብሎ ቡና እያገላበጠ ነበር። ላምያ ማዶ ተቀምጣ የተሰባበረውን ፍሬ ትለቅማለች። ራሔል ሰላም ስትል ላምያ መለሰችላት፤ ካሊድ እጁን ከቡናው አላነሣም።

«ጠይቀኝ» አለችው ራሔል።

«ምን ብዬ?»

«መጠየቅ የፈለግኸውን።»

ቀና አለ። «ተልከሽ ነው ወይስ መጥተሽ?»

«ተልኬ ነበር» አለችው። «ባይልኩኝም እመጣ ነበር። ሁለቱን መለየት ነበረብኝ፤ አልለየሁም። እምቢ ብል ሥራዬን እንደማጣ አስቤ ፈራሁ፤ እሺ ብል ደግሞ አንተን እንደማገኝ አሰብኩ። እሺ ማለት ቀለለኝ።»

ካሊድ ይህን ያህል ቀጥተኛ መልስ አልጠበቀም ነበር። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ። መላኳ እንዳልጎዳው፣ ሰው የመንግሥት ሠራተኛ ከሆነ እንደሚላክ ነገራት። «እኔን ያሳመንሽኝ ግን በቢሮሽ ቃል አይደለም» አላት። «በእህቴ ሐዘን ነው። እሱን ደግሞ ለቢሮ አልሰጠሁትም፤ ላንቺ ነው የሰጠሁት።»

ራሔል የመድረክ ሰው ናት፤ ቃል አጥታ አታውቅም። አሁን ግን አፏን ከፍታ ዘጋችው፤ እንባዋም ሳታስበው ወረደ። ካሊድ ሲያየው ወደ እሷ አንድ እርምጃ ሊራመድ ቃጣው፤ ቆመ።

ያን ጊዜ የተናገረችው ላምያ ናት። የለቀመችውን ከጭኗ ላይ አራግፋ፣ በእርግዝናዋ ምክንያት እየከበዳት ተነሣች። ሁለቱንም እያየች፣ ያለ ቁጣ፣ እንዲህ አለች፦

«ለእኔ ብላችሁ ትጣላላችሁ፤ ለእኔ ብላችሁ ትታረቃላችሁ። እኔን ግን አንድም ሰው አልጠየቀኝም። አንቺም አልጠየቅሽኝም፤ አንተም፣ ካሊድ፣ አልጠየቅኸኝም።»

ካሊድ «ላምያ፣ እንዳልጎዳሽ ብዬ ነው» አላት።

«አውቃለሁ» አለችው። «እኔም እንዳልጎዳህ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

ነፋስ በዛፎቹ ውስጥ አልፎ ሄደ። ወንድምና እህት ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚተያዩ ሰዎች ተያዩ። ራሔል ያ ቦታ የእሷ እንዳልሆነ ገባት። ከመሄዷ በፊት ላምያን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀቻት፤ ቢጠይቋት ትናገር እንደሆነ። ላምያ ፈገግ ብላ፣ ሰው ፊት ተናግራ እንደማታውቅ ነገረቻት። እምቢ ግን አላለችም። ራሔል ዳገቱን ስትወርድ ማንም አልተከተላትም። ቢሆንም ስትመጣ የነበራት ፍርሃት አልነበራትም፤ በቦታው የገባው ሐፍረት ነው፣ እሱ ደግሞ ከፍርሃት ይልቅ ንጹሕ ሆኖ ተሰማት።

*

የምረቃው ቀን ፀሐይ ወጣ። ድንኳን ተተክሏል፣ የፕላስቲክ ወንበር ተደርድሯል፣ የሁሉም ቤት በር ክፍት እንዲሆን ታዟል። እንግዶቹ ተራ በተራ ከመኪና ወረዱ። ሴቶቹ በአንድ በኩል ተቀመጡ፤ ላምያ ከእናቷ ከወይዘሮ ቱርከያ አጠገብ ነበረች። ካሊድ ግን በቦታው የለም። በመርሐ ግብሩ መሠረት የአርሶ አደሩን መልእክት የሚያቀርበው እሱ ነበር።

አቶ ብርሃነመስቀል ላብ እየጠረጉ ወደ ራሔል መጡና፣ ሊቀ መንበሩ ስለማይመጣ መልእክቱን እሷ እንድታነበው አዘዟት። ወረቀቱን ሰጧት። ማየት አላስፈለጋትም፤ ከሳምንታት በፊት ቢሮዋ ቁጭ ብላ የጻፈችው ራሷ ናት።

ተራው ሲደርስ ማይክራፎኑን ያዘች። «እኛ የሻንታ አርሶ አደሮች በሙሉ ፈቃደኝነት…» ብላ ጀመረች። ቀና ስትል ካሊድን አየችው። ከሕዝቡ ኋላ ሞተር ብስክሌቱ ላይ ተደግፎ ቆሟል፤ ጫማው በጭቃ ተለውሷል። ለመናገር አልመጣም፤ ለመስማት ነው የመጣው። ያን ያህል ሩቅ ሆኖ እንኳ ዓይኑ እንዳረፈባት አወቀች።

ወረቀቱን አጠፈችው።

«ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለች። ድምፅዋ የሬዲዮ ድምፅዋ አልነበረም። «የላይ ሰፈር ሰዎች አልጻፉትም፤ አልተነበበላቸውምም። ከእነሱ መካከል እዚህ ለመኖር የሚፈልጉ አሉ፤ የማይፈልጉም አሉ። እነሱን እንዳሳምን ተልኬ ነበር፤ እንድጠይቃቸው ግን የላከኝ አልነበረም፣ እኔም በራሴ አልጠየቅኋቸውም። አሁን እዚህ ስላሉ ራሳቸው ይናገሩ።» ወደ ሴቶቹ ዞረች። «ላምያ አባፎጊ፣ ፈቃድሽ ከሆነ።»

አቶ ብርሃነመስቀል ከወንበራቸው ግማሽ ተነሥተው እንደገና ተቀመጡ፤ በእንግዶች ፊት ማስቆም ከማስቀጠል የባሰ ነው። ላምያ አልተነሣችም። ራሔል ማይክራፎኑን ዘርግታ ቆየች። ከዚያ ወይዘሮ ቱርከያ የልጃቸውን ክንድ ያዝ አድርገው አነሷት።

ላምያ አማርኛዋ ቀስ ያለ ነው፤ ቃሉን አንድ በአንድ እየመረጠች ተናገረች።

«እኔ ልጄን ያጣሁት እዚያ ዳገት ላይ ነው። ስለዚህ ይህን ጤና ጣቢያ የምጠላ ሰው አይደለሁም። ሲሠራ ደስ ብሎኛል። ግን የምንበላው ቡናው ነው፤ እሱ ደግሞ ላይ ነው። እዚህ ብወርድ ሆዴ ያለው ልጅ ይድን ይሆናል፤ ምን እንደማበላው አላውቅም። ከሁለቱ አንዱን ምረጪ አትበሉኝ። መንገዱን ወደ እኛ አውጡት። ከዚያ የሚወርድ ይወርዳል፣ የሚቀር ይቀራል።»

ማይክራፎኑን ለራሔል መልሳ ሄዳ ተቀመጠች። ማንም አላጨበጨበም። አቶ ሲላስ ብቻ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ፤ የሚያውቋቸው ሁሉ ያ የአክብሮት ምልክታቸው እንደሆነ ያውቃሉ። ከክልል የመጡት ዋናው እንግዳ ማስታወሻ ያዙ፤ ሲናገሩም እህታችን ያነሣችው ሐሳብ ይታያል አሉ። ከዚያ ሪባኑ እንደታሰበው ተቆረጠ።

ሰው ሲበተን ካሊድ ወደ እሷ መጣ። ዙሪያቸው ሰው ነበር፤ ስለዚህ ክንድ የሚያህል ርቀት ትተው ቆሙ።

«እኔም እንደ አለቆችሽ ነበርኩ» አላት። «ስለ ሰፈሩ ስናገር ስለ እሷም የተናገርኩ መስሎኝ ነበር። አንድ ቤት እየኖርን ምን እንደምትፈልግ ዛሬ ከሰው ጋር ሰማሁት።»

ራሔል ሐዘኑን ሳይፈቅድላት ስለተጠቀመችበት ይቅር እንዲላት ጠየቀችው። ወዲያው ይቅር አላላትም። «ያማል» አላት፤ «ግን ከአንቺ ርቄ ሲያመኝ ደግሞ ይብሳል።» እጁን ሊዘረጋ ፈልጎ ሰዉን አየና ኪሱ ውስጥ ከተተው። ራሔል ያንን ያልተዘረጋ እጅ እንደተጨበጠ ቆጠረችው።

*

አቶ ብርሃነመስቀል አልጮኹባትም። ቢሮአቸው አስቀምጠው፣ በእሷ ቦታ ቢሆኑ ይህን ለማድረግ እንደማይደፍሩ እንደሚያውቁ፣ ስለዚህም ሊቆጧት እንዳልቻሉ ነገሯት። ቦታዋን ግን ሊያቆዩላት አልቻሉም። ወደ ምዕራብ ኦሞ፣ ቱም ከተማ ተዛወረች።

ማታ በራት ላይ ለወላጆቿ ነገረቻቸው። እናቷ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። አባቷ የምረቃውን ዜና በሬዲዮ ሰምተው ነበር፤ የላምያ ንግግር እንዳልተላለፈ፣ ሰው ግን ከሸኮ እስከ ሸዋ ቤንች እንደሚያወራው ያውቃሉ። እጃቸውን ከምግቡ አንሥተው «እዚያ የተናገርሽው እውነት ነው?» ብለው ጠየቋት።

«እውነት ነው፣ አባባ።»

«እውነት ከሆነ ቱም ሩቅ አይደለም» አሏት፤ እንጀራ ቆርሰውም አጎረሷት። ያንን ካደረጉ ብዙ ጊዜ ሆኗቸው ነበር። ራሔልም መልሳ አጎረሰቻቸው።

ሻንታ ላይ የሆነው ነገር ሁሉንም ያስደሰተ አይደለም። ባለሙያዎች መጥተው ዳገቱን ለኩ፤ ጠረጋ ተጀምሮ ግማሹ ላይ ቆመ፤ በጀት ሲመጣ ይቀጥላል ተባለ። ላምያ እስክትወልድ ድረስ ከእናቷ ጋር ወደ ታችኛው መንደር ወረደች። አባፎጊ ቡናቸው ጋር ቀሩ። አቶ ሲላስም አልወረዱም። ጥቂት ቤቶች ጭሳቸው ታየ፤ የቀሩት ባዶ ናቸው።

ራሔል የምትሄድበት ቀን ታኅሣሥ ላይ ዋለ። አባቷ ሻንጣዋን ይዘው በማለዳ መናኸሪያ ድረስ ሸኟት። እንዳይይዙላት ብላ ለመነቻቸው፤ አልሰሟትም። የቱሙ መኪና ሰው እየሞላ ሳለ አንድ ሞተር መጥቶ አጠገባቸው ቆመ። ካሊድ ነበር። ከሻንታ ጀምሮ በብርድ ሲነዳ መጥቶ ከንፈሩ ደርቋል። መምህር ኃይለሚካኤልን ሲያይ ከሞተሩ ወርዶ ኮፍያውን አወለቀና ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጠ። የማን ልጅ እንደሆነ ተናገረ። ሳይጠየቅ ቀጥሎ፣ ተደብቆ መምጣት ስለሰለቸው በእሳቸው ፊት ሊሸኛት እንደመጣ ነገራቸው። ምን እንደሚሆን እንደማያውቅ፣ ሽማግሌ ልኮ ለመለመንም ጊዜው እንዳልሆነ፣ ቱም ግን ሄዶ እንደሚጠይቃት ሲያውቁት ይሻላል ብሎ እንዳሰበ።

አዛውንቱ ብዙ አዩት። ከዚያ ሻንጣውን አቀበሉት። ካሊድ ተቀብሎ መኪናው ላይ ጫነላት። ሲመለስ ዓይን ለዓይን ተያዩ። አንዳቸውም ደህና ሁኚ፣ ደህና ሁን አላሉም። ሊሉት የማይችሉት ነገር በዚያ አስተያየት ውስጥ ሙሉውን ነበር።

መኪናው ሞተሩን አስነሣ። ራሔል በመስኮቱ በኩል ሁለቱን ጎን ለጎን ቆመው አየቻቸው፤ አባቷ በጋቢያቸው፣ ካሊድ ኮፍያውን በእጁ ይዞ። ምን እንደሚባባሉ ፈርታ መስታወቱን ዝቅ አደረገች።

አባቷ ቀና ሳይሉ «ቁርስ በልተሃል?» አሉት።

«አልበላሁም፣ አባባ።»

«እንግዲያው ቤት እንሂድ። ጾም ላይ ነን፤ ሥጋ ብሎ ነገር ቤታችን የለም። ሳትሳቀቅ ትበላለህ።»

ካሊድ ምን እንደመለሰ ራሔል አልሰማችም፤ መኪናው ተንቀሳቅሷል። ሞተሩን እየገፋ ከአባቷ እርምጃ ጋር እርምጃውን ሲያስተካክል ግን አየች፤ አባቷም እንዲደርስባቸው ዘግየት ሲሉ። ከጎኗ የተቀመጠችው ሴት ስታለቅስ አይታ፣ ሩቅ አገር ስለምትሄድ መስሏት አጽናናቻት። ራሔል አላረመቻትም። እንባዋን ሳትጠርግ፣ መናኸሪያው ከዓይኗ እስኪጠፋ ድረስ ወደ ኋላ እያየች ሳቀች።